በልብ ላይ የሚያድግ የውኃ ከረጢት፤ የምስል ምርመራ ከመርፌ ለምን ይቀድማል?

የበዓል ማግስት ጠዋት በእንጦጦ ግርጌ በሚገኙ የየካ ክፍለ ከተማ መንደሮች የሚታየው ትዕይንት ለነዋሪው እንግዳ አይደለም። ከሾላ ገበያ ተገዝቶ የመጣው በግ በግቢ ውስጥ ታርዷል፤ ቆዳው እየዞረ ለሚገዛው ነጋዴ ተሰጥቷል፤ ሥጋው ለወጥና ለጥብስ ተለይቷል፤ ጨጓራውና ጉበቱ ለዱለት ተሰናድቷል። ሳንባው ግን በብዙ ቤት የውሻ ድርሻ ነው። ጉበቱም ቢሆን ነጣ ያለ፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ከታየበት «ይህስ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ሳንባውን ይከተላል። ቤተሰቡ ይህን የሚያደርገው ራሱን ለመጠበቅ ነው። ሆኖም ውኃ የቋጠረውን ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መስጠት፣ ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበት፣ በሰው ሳንባ፣ አልፎ አልፎም በሰው ልብ ላይ ለሚገኝ ተመሳሳይ የውኃ ከረጢት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ከረጢት በሕክምናው ሃይዳቲድ ሲስት ይባላል፤ በሽታው ደግሞ ኢኪኖኮኮሲስ ወይም በተለምዶ የሃይዳቲድ በሽታ በመባል ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ብሎ ከመደባቸው አንዱ ነው። በልብ ላይ መገኘቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ ከሚታወቁ የሃይዳቲድ ሕሙማን መካከል ልባቸው የተነካው ከመቶ ከ0.5 እስከ 2 እንደሚሆኑ ይገመታል።

ይህን ያህል ጥቂት ሰው የሚይዝ በሽታ ለኅብረተሰቡ መብራራት ያስፈለገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በሽታው ከቤታችን ግቢ ሊጀምር የሚችልና ከዚያው ሊገታ የሚችል በመሆኑ ነው። ሁለተኛውና የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው ግን የምርመራው ቅደም ተከተል ነው። በልብ ላይ ያለ ሃይዳቲድ በምስል ከታወቀ በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል፤ ምንነቱ ሳይታወቅ በመርፌ ከተወጋ ደግሞ ሕመምተኛውን በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

ትሉና የሚጓዝበት መንገድ

የበሽታው መንሥኤ ኢኪኖኮከስ ግራኑሎሰስ የተባለ፣ በውሻ ትንሹ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጥቃቅን ትል ነው። ርዝመቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በአንድ ውሻ ውስጥ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ውሻው በአብዛኛው ሕመም አይታይበትም፤ ይበላል፣ ይጮኻል፣ ግቢውን ይጠብቃል። ከዓይነ ምድሩ ጋር የሚወጡት የትሉ እንቁላሎች በአፈር፣ በሣር፣ በውኃ፣ በጓሮ አትክልትና በራሱ በውሻው ፀጉር ላይ ይቀራሉ። ደረቅ ሙቀትና የጠራራ ፀሐይ እንቁላሎቹን የሚገድላቸው ሲሆን፣ ቀዝቃዛና እርጥብ አፈር ግን ለወራት ያቆያቸዋል። ደጋማ አካባቢዎች ላይ ውሻንና አፈርን በሚመለከት ጥንቃቄ የሚመከረው በዚህም ምክንያት ነው።

በግ፣ ፍየል፣ ከብት ወይም ግመል እንቁላሉን ከሣር ጋር ሲውጥ፣ በእንስሳው ጉበትና ሳንባ ላይ በውኃ የተሞላው ከረጢት ያድጋል። ያ ጉበት ወይም ሳንባ ጥሬውን ለውሻ ከተሰጠ በከረጢቱ ውስጥ ያሉት የትሉ ጭንቅላቶች በውሻው አንጀት ላይ ተጣብቀው፣ ከአራት እስከ ሰባት ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ። ሰው በዚህ ዑደት ውስጥ የሚገባው በስሕተት ነው። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ፣ ያልታጠበ ሰላጣ ሲቀርብ፣ ውሾች የሚደርሱበት ውኃ ሲጠጣ እንቁላሉ በአፍ ይገባል።

እዚህ ላይ በስፋት የሚሰማ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ መታረም አለበት። ሃይዳቲድ ከቁርጥ፣ ከክትፎ ወይም ከዱለት አይመጣም። ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ሌላ ዓይነት ትል ሲሆን፣ በአንጀት ውስጥ የሚኖርና በመድኃኒት የሚወጣ ነው። ሃይዳቲድ ያለበትን ጉበት የበላ ሰው ሃይዳቲድ አይዘውም፤ ያንን ጉበት የበላ ውሻ ግን እንቁላሉን ለመላው ሰፈር ሊያዳርስ ይችላል። በሽታው ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። በደጋችን የሚበቅለው የኮሶ ዛፍ አበባም ለዘመናት ለኮሶ ትል ሲጠጣ የኖረ ቢሆንም በጉበት ወይም በልብ ላይ ላለ ከረጢት ምንም አይፈይድም፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የዓይን ብርሃንን ጭምር የሚጎዳ ነው።

በተመሳሳይ መልኩ፣ በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ ለሕዝብ ክፍት በሆነው እንጦጦ ፓርክ መሮጥ፣ ብስክሌት መንዳት ወይም በሣሩ ላይ መቀመጥ በራሱ በሽታውን አያስይዝም። እንቁላሉ በቆዳ ውስጥ አያልፍም፤ መዋጥ አለበት። ከሽርሽር መልስ፣ በተለይም ውሻ ከዳበሱ በኋላ፣ እህል ከመቅመስ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ ለጎብኚው በቂ ጥበቃ ነው።

እንቁላሉ ወደ ልብ የሚደርሰው እንዴት ነው?

የተዋጠው እንቁላል በአንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። የሚወጣው እጭ የአንጀቱን ግድግዳ ሰንጥቆ ወደ ደም ሥር ይገባና ከአንጀት የሚመለስ ደም ሁሉ አስቀድሞ ወደሚያልፍበት ወደ ጉበት ይወሰዳል። ከሕሙማኑ 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ከረጢቱ የሚገኝባቸው በጉበት ላይ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ከጉበት ያመለጠው እጭ በቀኙ የልብ ክፍል በኩል ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ 20 በመቶ ያህሉ እዚያ ይቀራል። ሁለቱንም ማጣሪያ ያለፈው ጥቂቱ ብቻ በግራው የልብ ክፍል በኩል ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። ከእነዚህም መካከል ልብን ራሱን በሚመግቡት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ገብቶ በልብ ጡንቻ ላይ የሚያርፍ ይኖራል። ያለ ዕረፍት የሚኮማተር ጡንቻ ለእጩ የተመቸ ማደሪያ አለመሆኑም በሽታው በልብ ላይ ጥቂት እንዲሆን አድርጎታል ተብሎ ይታመናል።

በልብ ላይ ካረፉት ከረጢቶች አብዛኞቹ፣ ከመቶ 60 ገደማ የሚሆኑት፣ የሚገኙት በግራው የታችኛው የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ ነው። ይህ ክፍል ደምን ወደ መላ አካል የሚገፋ በመሆኑ ጡንቻው ወፍራም፣ የደም አቅርቦቱም የበዛ ነው። ቀሪዎቹ በቀኙ የታችኛው ክፍል፣ ሁለቱን በሚለየው ግድግዳ፣ በላይኞቹ ክፍሎች ወይም በልብ ሽፋን ላይ ይገኛሉ።

ከረጢቱ ለዓመታት በዝግታ ያድጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብዙዎቹ ሕሙማን ምንም አይሰማቸውም። ምልክት ሲጀምርም የራሱ የተለየ መልክ የለውም፤ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት መዛባት፣ ራስን መሳት ሊኖር ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው ሰው ምክንያቱ ከሃይዳቲድ ይልቅ የደም ግፊት፣ የልብ ደም ቧንቧ መጥበብ፣ የቫልቭ ሕመም ወይም የደም ማነስ የመሆን ዕድሉ እጅግ የሰፋ ነው። ምልክቱ የሚጠይቀው ፈጥኖ መመርመርን ነው፤ ምንነቱን የሚለየው ምርመራው ነው።

አደጋው የሚመጣው ከረጢቱ ሲፈነዳ ነው። በግራው የልብ ክፍል ውስጥ ከፈነዳ ቁርጥራጩ ከደም ጋር ወደ አንጎል ተወስዶ ስትሮክ ሊያስከትል፣ ወይም የእግርን ደም ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። በቀኙ ከሆነ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ወደ ልብ ሽፋን ከፈሰሰ ልብን አፍኖ እንዳይመታ ሊያደርገው ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ፈሳሹ ከሰውነት ጋር ሲገናኝ ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ ሊፈጠር፣ የደም ግፊትም በድንገት ሊወርድ ይችላል። ፈሳሹ በደረሰበት ሁሉ አዳዲስ ከረጢቶች መብቀላቸውም ሌላው ጉዳት ነው።

ምስሉ ምን ያሳያል?

ልብን የሚነኩ ሌሎች ጥገኛ ተሕዋስያን አሉ። በላቲን አሜሪካ ሀገራት በስፋት የሚታወቀው፣ በትኋን መሰል ነፍሳት የሚተላለፈው የቻጋስ በሽታ ከእነዚህ ቀዳሚው ነው። በሀገራችንም የዱር አሳማ ሥጋ በበሉ የጎጃም ሰዎች ላይ ትሪኪኔሎሲስ የተባለው በሽታ መከሰቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በሕክምና መጽሔት ታትሟል፤ የዚህ ትል እጭ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ እንደሚችል ይታወቃል። በእነዚህ በሽታዎች ግን የምስል መሣሪያ የሚያሳየው ጉዳቱን ነው፤ የደከመ ጡንቻ፣ የሰፋ የልብ ክፍል፣ የተጠራቀመ ፈሳሽ ይታያል እንጂ ተሕዋሱ አይታይም። ሃይዳቲድ የሚለየው በዚህ ነው። በምስሉ ላይ የሚታየው ራሱ ጥገኛው፣ ከነከረጢቱና ከነልጆቹ ነው። ስለዚህም ምስሉን በጥንቃቄ ያነበበ ባለሙያ ቁራጭ ሥጋ ሳይወስድ ወደ ትክክለኛው ድምዳሜ ሊቀርብ ይችላል።

ኅብረተሰቡ «ራጅ» ብሎ የሚጠራው የደረት ኤክስሬይ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ምርመራ ነው። በራጅ ላይ የልብ ጠርዝ ባልተለመደ ሁኔታ ወጣ ብሎ ሊታይ፣ ያረጀ ከረጢት ከሆነም ዙሪያውን የከበበ የካልሲየም ቅርፊት እንደ ቀለበት ሊነጣ ይችላል። ትንሽ ከረጢት ግን በራጅ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው ኢሲጂ ምስል ባይሆንም አብሮ ይሠራል፤ ከረጢቱ የተጫነው ጡንቻ የሚሰጠው ምልክት ደም የተቋረጠበትን ጡንቻ ሊመስል ስለሚችል፣ ወጣትና የልብ ድካም አጋላጭ ሁኔታ የሌለበት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ሲገኝ ሌላ ምክንያት መፈለግ ተገቢ ነው።

ዋናው ምርመራ ኢኮ ነው። ኢኮ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ፣ ጨረር የሌለው፣ ነፍሰ ጡርን ጨምሮ ለማንኛውም ሰው የሚደረግ የልብ አልትራሳውንድ ነው። ባለሙያው መሣሪያውን ደረት ላይ አድርጎ ልብ ሲመታ በቀጥታ ያያል። ሃይዳቲድ ባለበት ቦታ ክብ፣ ጠርዙ የተስተካከለ፣ ውስጡ በፈሳሽ የተሞላ ስለሆነ ጥቁር መስሎ የሚታይ ከረጢት ይገኛል። በውስጡ ትናንሽ የልጅ ከረጢቶች ከኖሩ ምስሉ የማር እንጀራ ይመስላል፤ የውስጡ ሽፋን ተላቆ ከሆነም በፈሳሹ ውስጥ ሲንሳፈፍ ይታያል። እነዚህ ሁለት መልኮች ሲገኙ ጥርጣሬው በእጅጉ ይጠብባል። በደረት በኩል የሚወሰደው ምስል ካልጠራ በጉሮሮ በኩል ወደ ምግብ ቧንቧ በሚገባ ቀጭን መሣሪያ ልብን ከጀርባው ማየት ይቻላል።

የልጅ ከረጢት የሌለው፣ አንድ ወጥ የሆነ ከረጢት ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ከተፈጥሮ የሚገኝ ተራ የውኃ ከረጢት ይመስላል። ውስጡ የጠጠረ ከሆነ ደግሞ ዕጢ፣ ወይም በልብ ውስጥ የረጋ ደም ይመስላል። የረጋ ደም ነው ተብሎ ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የተሰጠው ሕመምተኛ ለዓመታት የተሳሳተ ሕክምና ሊወስድ ይችላል። ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የሚያስፈልጉት በዚህ ጊዜ ነው። ሲቲ ስካን የካልሲየም ቅርፊቱን ከሁሉም በተሻለ ያሳያል፤ በአንድ ጊዜም ሳንባን፣ ጉበትንና ሌሎች አካላትን ለመቃኘት ያስችላል። ኤምአርአይ በበኩሉ ከረጢቱ በልብ ጡንቻው ውስጥ የት ድረስ እንደገባ፣ ከቫልቮችና ከደም ቧንቧዎች ጋር ያለውን ርቀት ለቀዶ ሐኪሙ በግልጽ ያስረዳል፤ ፈሳሹ በአንዳንዶቹ ምስሎች ላይ ደምቆ፣ የከረጢቱ ግድግዳ ደግሞ እንደ ጥቁር ክር ዙሪያውን ከብቦት ይታያል።

«ለምን በደም ምርመራ አይታወቅም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሰውነት በትሉ ላይ የሚያዘጋጀውን ፀረ እንግዳ አካል የሚለካ የደም ምርመራ አለ። ነገር ግን ከረጢቱ ሳይፈነዳ ሙሉ ሆኖ ከቆየ ሰውነት ብዙ ላያውቀው ስለሚችል ውጤቱ «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ የደም ምርመራው ምስሉን ይደግፋል፤ «የለም» የሚል ውጤት ብቻውን በምስሉ ላይ የታየውን ጥርጣሬ አይሽርም።

መርፌ ከምስል ሲቀድም

በሀገራችን ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ የተገኘበት ሰው በኢትዮጵያ ሲመጣ ሐኪሙ በቅድሚያ ከሚያስባቸው አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ያመጣው የልብ ሽፋን ሕመም ነው። ይህ አስተሳሰብ ትክክል ነው፤ በሽታው በብዛት የሚገኝ ነውና። ልብን አፍኖ የያዘ ፈሳሽን በመርፌ መቅዳትም ሕይወት የሚያድን ሕክምና ነው፤ ይህ ጽሑፍ ማንንም ከዚያ ሕክምና ለማራቅ የተዘጋጀ አይደለም። ሊለይ የሚገባው በሽፋኑ ውስጥ በነፃነት የፈሰሰ ፈሳሽና የራሱ ግድግዳ ያለው የተዘጋ ከረጢት ናቸው። በራጅ ላይ ሁለቱም «የሰፋ የልብ ጥላ» ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በኢኮ ግን ልዩነታቸው በአብዛኛው በግልጽ ይታያል፤ ነፃው ፈሳሽ ልብን ይከብባል፤ ከረጢቱ በአንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ግድግዳም አለው።

በጉበት ላይ ያሉ አንዳንድ ሃይዳቲዶች በሠለጠነ እጅ፣ በአልትራሳውንድ እየታዩ፣ በመድኃኒት ታጅበው በመርፌ ይታከማሉ። ይህን የሰማ ሕመምተኛ «ለኔስ ለምን አይቀዳልኝም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በልብ ላይ ያለው ከረጢት ግን በሚንቀሳቀስ ጡንቻ ላይ የተቀመጠ፣ ከደም ጋር በቀጭን ግድግዳ ብቻ የተለየ በመሆኑ ይህ መንገድ አይሠራበትም።

ትክክለኛውን ምስል ለማግኘት ሐኪሙ በቅድሚያ መጠርጠር አለበት፤ ለመጠርጠር ደግሞ መጠየቅ አለበት። የት አደጉ? በልጅነትዎ ከብት ወይም በግ ጠብቀዋል? በቤት ውስጥ ውሻ ነበር? ከዚህ ቀደም በጉበትዎ ወይም በሳንባዎ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ተገኝቶብዎት ያውቃል? ዛሬ በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው በሽታውን ከ20 ዓመት በፊት ከተወለደበት ገጠር ይዞት መጥቶ ሊሆን ይችላል። የመኖሪያ አድራሻ ብቻ የሚሞላበት የካርድ ቅጽ ይህን አይነግረንም። ሕመምተኛውም ሳይጠየቅ ቢናገር ይጠቀማል፤ ከእረኝነት ዘመኑ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ለሐኪም መንገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሌላው ተግባራዊ ምክር የቆዩ ፊልሞችን የሚመለከት ነው። በብዙ ቤት የራጅና የሲቲ ስካን ፊልሞች ከአልጋ ሥር ተጣጥፈው ይቀመጣሉ ወይም በጽዳት ቀን ይጣላሉ። ዝግ ብሎ የሚያድግ ከረጢትን ከሌላ ነገር ለመለየት ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ አንድ ራጅ ከአዲስ ምርመራ ያላነሰ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ፊልሙን፣ ዲስኩንና የንባብ ወረቀቱን ጠብቆ ማቆየትና በሪፈር ሲሄዱ ይዞ መቅረብ ይገባል።

ከደቡብ ኦሞ የተገኘ ትምህርት

የምስል ምርመራ ለሃይዳቲድ ያለውን ዋጋ ዓለም የተረዳበት ታሪክ በከፊል በአካባቢያችን የተጻፈ ነው። የበሽታው ሥርጭት በዓለም ላይ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ከተመዘገበባቸው ቦታዎች አንዱ የሰሜን ኬንያው ቱርካና ነው። ከድንበሩ ወዲህ፣ በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት ዳሰነች፣ ኛንጋቶምና ሐመር አርብቶ አደሮችም በበሽታው ከሚጠቁት መካከል ናቸው። በ1980ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ተመራማሪዎች ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ በመኪና ጭነው በየአርብቶ አደሩ መንደር ሄዱ። በዛፍ ጥላ ሥር የተደረገው የምስል ምርመራ በደም ምርመራ ሊለዩ ያልቻሉ ሕሙማንን ጭምር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ በሐመር ሃይዳቲድ በተለይ የሴቶች የጤና ችግር መሆኑን አመልክቷል።

የቱኒዚያው ሐኪም ጋርቢና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ከረጢቶቹን በአልትራሳውንድ መልካቸው የሚመድብ ሥርዓት አቅርበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የባለሙያዎች ቡድን ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ዓለም አቀፍ ምደባ አወጣ። በዚህ ምደባ ከረጢቱ ሕያው፣ በሽግግር ላይ ያለ ወይም የሞተ መሆኑ በምስሉ ይለያል። ምደባው የተዘጋጀው ለጉበት ቢሆንም፣ የልብ ሐኪሞችም የከረጢቱን ዕድሜና ሁኔታ ለመግለጽ ይጠቀሙበታል። ጉበቱ ላይ ከረጢት የተገኘበት ሰው የደረት ምልክት ካለው ልቡ፣ ልቡ ላይ የተገኘበት ሰው ደግሞ ጉበቱ፣ ሳንባውና እንደ አስፈላጊነቱ አንጎሉ መታየት አለበት፤ ከረጢቱ ከአንድ በላይ ቦታ ሊኖር ይችላልና።

ሕክምናውና ከዚያ በኋላ

የልብ ሃይዳቲድ ዋና ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። በአብዛኛው ልብና ሳንባን ለጊዜው ተክቶ የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቀዶ ሐኪሙ በከረጢቱ ዙሪያ ያለውን ቦታ ትሉን በሚገድል ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ጨው በበዛበት ውኃ፣ በረጠበ ጨርቅ ከሸፈነ በኋላ ከረጢቱን ሳይፈስ ያወጣል። በሀገራችን የልብ ቀዶ ሕክምና ለረጅም ጊዜ ከሀገር ውጭ በመላክ ብቻ ይከናወን እንደነበር ይታወቃል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ በዚህ ረገድ ትልቅ ለውጥ ነበር። የልብ ቀዶ ሕክምና የሚጠባበቁ ወገኖች ቁጥር አሁንም ከአቅም በላይ መሆኑ የሚካድ አይደለም። አንድን ሃይዳቲድ በግቢ ውስጥ መከላከል ለዚያ ተራ አንድ ቦታ እንደማትረፍ ነው ብሎ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያምናል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ አልቤንዳዞል የተባለው መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። ይህ መድኃኒት በትምህርት ቤቶች በሚሰጠው የአንጀት ትል ማስወገጃ ዘመቻ ለወላጆች የታወቀ ነው። በዘመቻው የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚዋጥ መጠን ግን ለሃይዳቲድ አይበቃም፤ ለሃይዳቲድ በየቀኑ፣ ለሳምንታትና ለወራት፣ የጉበትና የደም ምርመራ እየተደረገ የሚወሰድ ነው። በልብ ላይ ያለ ከረጢት በመድኃኒቱ ሳቢያ ግድግዳው ደክሞ ሊፈነዳ ይችላል የሚል ሥጋት ስላለም መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው የሚከታተለው ሐኪም ብቻ ነው። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ መዋጥ አደገኛ ነው።

የምርመራው መንገድ የሚጀምረው በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። በየካና በአካባቢው የሚኖር ሰው የማይለቅ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ችግር ካለበት በሠፈሩ ጤና ጣቢያ ቀርቦ ከታየ በኋላ፣ እንደ ሁኔታው ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም የልብ ሐኪምና ኢኮ ወዳለበት ተቋም ይላካል። ድንገት የጀመረ ከባድ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን ሰውነት መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ግን ተራ ሳይጠበቅ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት። ፀበል የሚከታተሉ ወገኖችም፣ በእንጦጦ ብዙዎች እንደሚያደርጉት፣ ምርመራውንና የታዘዘላቸውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ጎን ለጎን መከታተል ይችላሉ።

በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እርድ በቄራ ሲከናወን ሥጋው በእንስሳት ሐኪም ይታያል፤ የተበላሸው አካልም ተለይቶ ይወገዳል። በግቢ የሚታረድ ከሆነ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ሲገኝ ሳይቀደድ መቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቀበር አለበት። ለውሻ የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ሁሉ በሚገባ ይቀቀል። በቤት ያለ ውሻ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ምክር በየጊዜው ይውሰድ፤ መድኃኒቱን በወሰደ ማግስት የሚጥለው ዓይነ ምድርም በጓንት ተሰብስቦ ይቀበር።

በልቡ ላይ ሃይዳቲድ የተገኘበትና የታከመ ሰው ክትትሉ በቀዶ ሕክምናው አያበቃም። ከረጢቱ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ኢኮው በሐኪሙ ቀጠሮ መሠረት ለበርካታ ዓመታት ይደገማል። አብረውት ያደጉ ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ያንኑ ውሻ ሲዳብሱ የኖሩ፣ አንድ ጊዜ የሆድ አልትራሳውንድ ቢነሡ መልካም ነው፤ ምርመራው አያምም፣ ጨረርም የለውም፣ የሚወስደውም ጥቂት ደቂቃ ነው።